የፑሪው ጃጋናት፦ የእንጨት ገላቸውን ጥለው አዲስ የሚለብሱት አማልክት

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ሰላም ለቤቱ። «ሕንድ የተማርን» በሚለው ክር ላይ ስለ ፑሪ ጠቀስ አድርጌ ሳልፍ «ለብቻው ክፈችው» ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ይኸው ከፈትኩት። ረዘም ይላል።

ፑሪ በምሥራቅ ሕንድ፣ በኦዲሻ ግዛት፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ የተባለ ንጉሥ ያስጀመረው ትልቅ ቤተ መቅደስ አለባት። እዚያ የሚመለኩት ጃጋናት፣ ታላቅ ወንድሙ ባላባድራ እና እኅታቸው ሱባድራ ናቸው። አራተኛው ሱዳርሻን ይባላል፤ እሱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው። በሌሎቹ የሕንድ ቤተ መቅደሶች በብዛት የምታዩት ድንጋይ ወይም ነሐስ ነው። እነዚህ ግን ከኒም እንጨት የተጠረቡ ናቸው። እንጨት ደግሞ ያረጃል። በባሕር ዳር እርጥበትና ሙቀት ውስጥ ሆኖ፣ በዚያ ላይ በየዓመቱ በአንድ በዓል 108 እንስራ ውሃ እየፈሰሰበት፣ እንዴት አያረጅ? ስለዚህ በተወሰነ ዘመን አንዴ ገላቸው ይቀየራል። ሥርዓቱን ናባካሌባራ ይሉታል፣ አዲስ አካል እንደ ማለት። የመጨረሻው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2015፣ በእኛ በ2007 ዓ.ም. ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ቪሳካፓትናም፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛዬ የኦዲሻ ልጅ፣ ቤተሰቧም ፑሪ የሚኖር ነበር። የምጽፈው አብዛኛው አባቷ ማታ ማታ በረንዳ ላይ እየተቀመጡ ያስረዱኝ ነው።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ሥርዓቱን እንደ እድሳት ብቻ የሚያየው የውጭ ሰው ዋናውን ነገር እንደሚያመልጠው ነው። እዚያ አሮጌው ገላ «ሞተ» ይባላል። ይቀበራል። ቀባሪዎቹ ዳይታፓቲ የሚባሉት አገልጋዮች ልክ የሥጋ ዘመድ እንደሞተበት ሰው 10 ቀን ሐዘን ይቀመጣሉ፣ ፀጉራቸውን ይላጫሉ፣ ታጥበው የሐዘኑን ማብቂያ ድግስ ያበላሉ። የጓደኛዬ አባት ስለዚያ ሐዘን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እንደ ተምሳሌት የሚያዩት ነገር አልነበረም።

ከመነሻው ልጀምር። ራት ያትራ ከሚባለው ታላቁ የሠረገላ በዓል ሦስት ወር ተኩል ያህል ቀድሞ ዛፍ ፈላጊዎቹ ከቤተ መቅደሱ ይወጣሉ። በ2015 የወጡት ማርች 29 ነው። ከአማልክቱ ላይ የወረደ የአበባ ጉንጉን እንደ ትእዛዝ ይሰጣቸዋል፤ ያለ እሱ አይንቀሳቀሱም። በእግራቸው ወደ ካካትፑር ይሄዳሉ። እዚያ ማንጋላ የምትባል አምላክ ቤተ መቅደስ አለች። ከዚያው አቅራቢያ ዴውሊ በሚባል ገዳም ሰፍረው፣ ጸሎት አድርሰው፣ ዛፎቹ በየት አቅጣጫ እንዳሉ በሕልም እንድትነግራቸው ይለምኗታል። ከዚያ በቡድን ተከፍለው ይበተናሉ።

ዛፉ ዝም ብሎ ኒም ስለሆነ አይቆረጥም። ለጃጋናት የሚሆነው ቅርፊቱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ አራት ዋና ዋና ቅርንጫፍ ያለው መሆን አለበት። የባላባድራው ነጣ ያለና ሰባት ቅርንጫፍ፣ የሱባድራዋ ቢጫማና አምስት፣ የሱዳርሻኑ ቀላ ያለና ሦስት። አጠገቡ ውሃ፣ አስከሬን የሚቃጠልበት ስፍራ፣ ሥሩ ላይ የምስጥ ኩይሳና የእባብ ጉድጓድ ይፈለጋል። ወፍ ጎጆ የሠራበት፣ መብረቅ የመታው፣ ቅርንጫፉ የተሰበረ አይሆንም። ግንዱ ላይም የቀንድ አውጣ ዛጎልና የክብ ጎማ የሚመስል ምልክት መኖር አለበት። አባትየው ይህን ሲዘረዝሩልኝ «እንዲህ ያለ ዛፍ በዓለም ላይ ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሁልጊዜ ተገኝቷል» አሉኝ፣ በቃ።

በ2015 መጀመሪያ የተገኘው የሱዳርሻኑ ነው፣ ኩርዳ አካባቢ ጋዳካንቱኒያ የምትባል መንደር። የባላባድራው ጃንካድ፣ ሳራላ ከምትባል አምላክ ቤተ መቅደስ ጋር፤ የሱባድራዋ አዳንጋ፤ የጃጋናት መጨረሻ ላይ ካሪፓዲያ። እነዚህ ሦስቱ ጃጋትሲንግፑር በሚባል አውራጃ ውስጥ ናቸው። ዜናው በሬዲዮ እንደተነገረ ሕዝቡ ወደ መንደሮቹ ጎረፈ። የወደቀች ቅጠል ለማግኘት የሚጋፋው ብዛት!

መቁረጡን ራሱን መሥዋዕተ እሳት ይቀድመዋል። ከዚያ ሦስት መጥረቢያ ይወጣል። በወርቁና በብሩ ዛፉን ይነኩታል እንጂ አይቆርጡትም። በብረቱ አናጢው ይቆርጣል። ተራፊው ቅርንጫፍና ቅጠል እዚያው ተቆፍሮ ይቀበራል፤ ለማገዶ አይሄድም። ግንዱ አዲስ በተሠራ የእንጨት ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ሕዝብ በገመድ እየጎተተው ወደ ፑሪ ይገባል።

ስለ ቀረው፣ በተለይ ከአሮጌው ገላ ወደ አዲሱ ስለሚሻገሩባት ሌሊት፣ ጥያቄ ካላችሁ እቀጥላለሁ።

አናጢው_ከአዋሬ፦
እህቴ ሰናይት፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ የምጠይቀው የሙያዬን ነው። ኒምን አውቀዋለሁ፤ ድሬዳዋ ስሠራ በየግቢው ነበር። ከማሆጋኒ ወገን ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ መራራነቱ ከቅጠሉ እስከ ግንዱ ነው። ለዚህ ሥራ መመረጡ አይገርመኝም። የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ በሚያዝያና በግንቦት የተቆረጠ ግንድ በሰኔ ይጠረባል ማለት ነው? ርጥብ እንጨት፣ ያውም ሙሉ ግንድ፣ ልቡ ሳይወጣ? እኛ ጋ እንዲህ የተሠራ በር በአንድ በጋ ተሰንጥቆ ብርሃን ያስገባል። እንዴት ነው የሚይዙት?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ወንድሜ፣ የምትመለከታቸው ፊት እንጨት አይደለም፤ መልሱ እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። እንጨቱ አጥንት ነው የሚሉት። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ሌሎች አገልጋዮች ይረከባሉ። ቀይ የሐር ክር ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ ይህ ጅማትና ደም ሥሩ ነው። በላዩ ሰንደል እንጨት ተፈጭቶ፣ ካምፎር፣ የዛፍ ሙጫ እየተቀላቀለ ይለሰናል፣ ይህ ሥጋው ነው። ከዚያ በስታርች የራሰ የጨርቅ ቁራጭ ደራርበው ይለጥፉበታል፣ ቆዳው ማለት ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ይመጣል፦ ነጩ ከተፈጨ ዛጎል፣ ቢጫውና ቀዩ ከማዕድን፣ ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት። የቀለሙ ሥራ የራሱ ቤተሰብ አለው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ።

እንግዲህ ውስጡ ትንሽ ቢሰነጠቅም ሙጫውና ጨርቁ ይይዘዋል ማለት ነው። አንተ ይበልጥ ታውቃለህ።

አናጢው_ከአዋሬ፦
አሁን ገባኝ። ይሄማ የኛም ሠዓሊዎች ያውቁታል፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል አብዛኛው ሸራ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ሥዕሉን ቶሎ እንዳያገኘው። ሙጫው ዘይታም ከሆነ ደግሞ እንጨቱ እርጥበቱን ቀስ እያለ ነው የሚያወጣው፣ ስንጥቁም ያንሳል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የመጥረቡ ሥራ ራሱ የት ነው? ሰው ያያል?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ማንም አያይም። በቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ኮይሊ ባይኩንታ የሚባል የተከለለ ቦታ አለ፤ እዚያ ተዘግቶ ነው። የሚገቡት ጠራቢዎቹና ዳይታፓቲዎቹ ብቻ ናቸው፤ ዋናው ካህን እንኳ አይገባም። አሮጌዎቹም የሚቀበሩት እዚያው ነው። አዲሱ የሚጠረብበትና አሮጌው አፈር የሚለብስበት ግቢ አንድ ነው፤ እኔ ይሄንን ስሰማ ትንሽ ዝም አልኩ።

ለመዘጋቱ የሚነገር ታሪክም አለ። ኢንድራዲዩምና የተባለ ንጉሥ ከባሕር ተንሳፎ የመጣ ግንድ አግኝቶ የሚጠርብለት አጣ። አንድ ሽማግሌ አናጢ መጥቶ «በሩ ተዘግቶ 21 ቀን ማንም እንዳይከፍት፣ እሠራዋለሁ» አለ። ከጊዜ በኋላ የመዶሻው ድምፅ ጠፋ። ንግሥቲቱ ጉንዲቻ ሽማግሌው ሞቶ ይሆናል ብላ ተጨነቀች፣ ንጉሡም በሩን አስከፈተ። ሽማግሌው የለም፣ ምስሎቹም እጅና እግራቸው አላለቀም። ስለዚህ ጃጋናት እስከ ዛሬ ጉልህ ክብ ዓይን ያለው፣ ክንዱ ጉማጅ ሆኖ የቀረ ነው። በየናባካሌባራው ሲጠረብም ያላለቀው እንዳላለቀ ይጠረባል። ማንም «እንግዲህ እጁን እንጨርስለት» አይልም።

ቀመረኛው፦
ሰናይት፣ ዘመኑ ስንት ስንት ዓመት እንደሆነ አልነገርሽንም። ያለፉትን ዓመታት ብታውቂያቸው ጻፊልኝ፣ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ።

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ባለፈው መቶ ዓመትና ከዚያ ወዲህ ያሉት እ.ኤ.አ. 1912፣ 1931፣ 1950፣ 1969፣ 1977፣ 1996፣ 2015 ናቸው። የሚወሰነው በጨረቃ ነው፤ አሻዳ የሚባለው ወራቸው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲመጣ።

ቀመረኛው፦
ጠርጥሬ ነበር! ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ስሌት) የተማራችሁ ተከተሉኝ።

19፣ 19፣ 19፣ 8፣ 19፣ 19። ይሄ የ19 ዓመቱ ዙር፣ ንዑስ ቀመራችን ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ከፀሐይ በየዓመቱ 11 ቀን ትጎድላለች፤ እኛ ይህችን 11 በአበቅቴ እንይዛታለን፣ እነሱ ደግሞ ጉድለቱ ወር ሲሞላ ትርፍ ወር ይጨምራሉ። በ19 ዓመት ውስጥ 7 ትርፍ ወር ይገባል፣ ጨረቃና ፀሐይም ተመልሰው ይገናኛሉ። ትርፏ ወር ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አትገባም። በ2018 ጄሽታ በሚባለው ወራቸው፣ በ2020 አሽዊን፣ በ2023 ሽራቫና ላይ ነበረች (እነዚህ በፈረንጅ ናቸው)። አሻዳ ላይ እንድትውል፣ ፀሐይ በእነሱ አቆጣጠር ጀውዛ (ከ12ቱ ኮከቦች አንዱ) በምትገባበት ሰኔ 8 ገደማ ጨረቃ ወዲያው መወለድ አለባት፣ ፀሐይ ሸርጣን ከመግባቷ በፊትም፣ ሐምሌ 9 ገደማ ማለት ነው፣ ደግማ መወለድ አለባት። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት። ለዚህ ነው ዘመኑ የሚራራቀው።

አሁን የኛን እንያቸው። ዓመታቱ በኛ 1904፣ 1923፣ 1942፣ 1961፣ 1969፣ 1988፣ 2007 ዓ.ም. ናቸው። 2007ን እንውሰድ፦ ከልደተ ክርስቶስ በፊት የምንቆጥረው 5500 ሲደመርበት 7507፣ ለ19 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ (የሚቀረው) 1፣ በ11 ተባዝቶ አበቅቴው 11። 1988ም 11። 1969ም 11። ወደ ኋላ 1961ን ስናወጣ፦ 7461፣ ቀሪ 13፣ ወንበር 12፣ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 1942፣ 1923፣ 1904 ሁሉም 12!

ማለትም ፑሪ ላይ አማልክቱ ገላ የሚቀይሩባቸው ዓመታት በሙሉ በኛ ድጓና ግጻዌ ሊቃውንት አቆጣጠር አበቅቴ 11 ወይም 12 የሚወጣባቸው ናቸው። አንዱ ሌላውን አላየም፤ ሁለቱም ሰማይ አይተው ነው። የ8ቷ ዓመት ምሥጢርም ያው ነው፦ 99 ጨረቃ ከ8 የፀሐይ ዓመት የምትበልጠው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳዋ ውስጥ ትገባለች።

በዚህ ስሌት የሚቀጥለው 2026 ዓ.ም. ነው፤ ወንበር 1፣ አበቅቴ 11።

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ቀመረኛው፣ አፌን ያዝኩ። ፑሪም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2034፤ በዚያ ወር በእኛ 2026 ነው። ይህንን ለጓደኛዬ አባት እንዲተረጎምላቸው ዛሬውኑ እልካለሁ።

ወለተ_ኪዳን፦
እኔ ቅር ያለኝን ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 44ን ያነበበ ክርስቲያን ይህንን ሲያነብ ሌላ ምን ሊታሰበው ይችላል? ዛፉን ቆርጦ ግማሹን ያነድበታል፣ ግማሹን ጣዖት አድርጎ ይሰግድለታል። አሁን ደግሞ አርጅቶ ይቀበራል እያላችሁን ነው። የሚቀበር አምላክ ምን አምላክ ነው? ይህን ሁሉ በአድናቆት መጻፍስ ይገባል ወይ?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
እኅቴ፣ በአንቺ አልቀየምም፤ እኔም ማኅተቤን በአንገቴ አድርጌ ነው የሄድኩት፣ እንዳደረግሁም ነው የተመለስኩት። የሰው ልጅ የሚያከብረውን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ግን እምነቴን አላጎደለብኝም። ያልሽውን ጥያቄ ደግሞ እነሱው ከጥንት ጀምሮ ጠይቀውታል፣ ሥርዓቱም መልሳቸው ነው። እንጨቱ አምላክ ነው አይሉም። እንጨቱ ገላ ነው፣ ገላም ሟች ነው ይላሉ። የማይሞተው ከደረቱ ውስጥ የተቀመጠው ነው፤ ብራህማ ይሉታል። የሚነደውን ግማሽ በተመለከተም፣ ከላይ እንደጻፍኩት ከዛፉ አንዲት ስንጥር አትነድም።

የዚያችን ሌሊት ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ጨረቃ ልትጠፋ በተቃረበችበት ሌሊት ነው። በከተማው መብራት ይጠፋል። አዲሶቹ ምስሎች ወደ አሮጌዎቹ አጠገብ ይመጣሉ። የሚገቡት ጥቂት በዕድሜ የገፉ ዳይታፓቲዎች ብቻ ናቸው። ዓይናቸው በጨርቅ ይታሰራል፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በጨርቅ ይጠቀለላል። በዳበሳ ከአሮጌው ደረት ውስጥ ብራህማውን አውጥተው ወደ አዲሱ ያስገባሉ፣ ይዘጋል። የያዙትን አያዩም፤ ቆዳቸውም አይነካውም። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ አሮጌዎቹን ተሸክመው ይቀብራሉ፣ ሐዘኑም ይጀምራል።

ነጋዴው_መሐመድ፦
አሰላሙ ዓለይኩም ለሁላችሁም። ብራህማው ምንድን ነው ታዲያ? ድንጋይ? አጥንት? እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልተናገረም?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ወዓለይኩም ሰላም ወንድም መሐመድ። የጓደኛዬን አባት ይህን ስጠይቃቸው አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝምም፣ ርዕሱን ቀየሩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። ሰዎች ብዙ ይላሉ፤ ክሪሽና የተባለው አምላክ ልብ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላም ሌላም። የነካው ሰው ራሱ ስላላየው የሰማሁትን ግምት እዚህ ብደረድር ለማንም አይጠቅምም። እኔ የተረዳሁት፣ እሱን የሚጠብቀው ግንብ ወይም ቁልፍ ሳይሆን የያዙት ሰዎች ለማወቅ አለመፈለጋቸው ነው። ከትውልድ ትውልድ ዓይናቸውን እያሰሩ።

የታሪክ_ወዳጅ፦
ግንብና ቁልፍ እንደማይጠብቀው የታየበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1568 የቤንጋሉ ሱልጣን ጦር በካላፓሃድ መሪነት ኦዲሻን ሲይዝ ቤተ መቅደሱ ተዘረፈ። በፑሪ እንደሚተረከው ምስሎቹ ተወስደው ተቃጠሉ። ቢሳር ሞሃንቲ የተባለ አማኝ ግን ከኋላ ተከትሎ ሄዶ ብራህማውን ከአመዱ አወጣው፤ ከበሮ ውስጥ ደብቆም ኩጃንግ የሚባል ቦታ አስቀመጠው። ከዓመታት በኋላ የኩርዳው ንጉሥ ራማቻንድራ ዴቫ አዲስ ምስል አስጠርቦ ብራህማውን መለሰበት፣ አምልኮውም ቀጠለ። የቤተ መቅደሱ ዜና መዋዕል፣ ማዳላ ፓንጂ የሚባለው በዘንባባ ቅጠል የተጻፈው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ይዟል። ከዚያም በኋላ ጦር በመጣ ቁጥር ምስሎቹ ቺሊካ ወደሚባለው ሐይቅ ደሴቶችና ወደ ተራራው ሲሸሹ ኖረዋል። የድንጋይ ምስል ቢሆን ይዞ መሸሽ ባልተቻለ ነበር።

ከቼናይ_የተመለሰ፦
ከሰናይት ታሪክ ጋር የሚያወዳድሩትን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 አባቴን ለሕክምና ቼናይ ወስጄ ነበር። ያረፍንበት ቤት ባለቤቶች ሁሉም ወደ ካንቺፑራም ይጎርፉ ነበር፣ ከቼናይ የ70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። እዚያ በቫራዳራጃ ቤተ መቅደስ ውስጥ አቲ ቫራዳር የሚባል ከሾላ ወገን በሆነ ዛፍ እንጨት የተሠራ ቪሽኑ የተባለው አምላክ ምስል አለ። በቤተ መቅደሱ ኩሬ ውስጥ ውሃ ሥር ተኝቶ ይኖራል፣ በ40 ዓመት አንዴ ይወጣል፣ ለ48 ቀን ይታያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሰጥማል። የቅርቦቹ 1979 እና 2019 ናቸው። የቤቱ ሴትዮ በ1979 እናታቸው ወስደው እንዳሳዩአቸው ነገሩኝ፤ በ2019 የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ያ እንጨት እንዴት አይበሰብስም ብዬ ነበር ያኔ። አናጢው ይመልስልኝ።

አናጢው_ከአዋሬ፦
ወንድም፣ ውሃ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የገባ እንጨት አየር አያገኝም፤ የሚያበሰብሰው ሻጋታ ደግሞ ያለ አየር አይኖርም። እንጨትን የሚገድለው አንዴ መርጠብ አንዴ መድረቅ ነው። የድልድይ ምሰሶ አይተህ ከሆነ የሚበላው ውሃው ጠርዝ ላይ ነው፣ ከሥሩ ደህና ነው። ስለዚህ የካንቺፑራሞቹ ውሃ ውስጥ አኑረው አቆዩት፤ የፑሪዎቹ ደግሞ በየዓመቱ እያጠቡና እያደረቁ ስለሚያኖሩት መቀየር ግድ ሆነባቸው። ሁለቱም እንጨቱን አውቀውታል።

ብርሃኔ_ጎንደሬ፦
አንድ ያልገባኝ አለ። ዳይታፓቲ የምትይያቸው ብራህሚኖች (የካህናቱ ወገን) ናቸው? የሕንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከብራህሚን ሌላ ወደ ውስጥ አይዘልቅም ሲባል ነው የምሰማው።

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
አይደሉም፤ እኔንም በጣም የያዘኝ ይህ ነው። የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከቪስቫባሱ ነው፣ ሳባራ ከሚባሉ የጫካ ሰዎች አለቃ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ጃጋናት ቤተ መቅደስ ሳይኖረው በፊት፣ ኒላ ማዳባ በሚል ስም ጫካ ውስጥ በድብቅ ያመልከው የነበረው ቪስቫባሱ ነው። ንጉሥ ኢንድራዲዩምና ይህን ሰምቶ ቪዲያፓቲ የተባለ ብራህሚን ላከ። ቪዲያፓቲ የአለቃውን ልጅ ላሊታን አገባ። ሚስቱ ለምናለት፣ አማቱ ዓይኑን አስሮ ወደ መቅደሱ ወሰደው፤ እሱ ግን በመንገዱ ሁሉ የሰናፍጭ ዘር እየበተነ ሄደ፣ ዘሩ ሲበቅል መንገዱ ታወቀ። ለዚህ ነው ዛሬ ከአማልክቱ ጋር የሥጋ ዝምድና ያላቸው ዳይታፓቲዎቹ የሆኑት፤ ብራህማውን የሚያዛውሩት፣ የሚቀብሩት፣ የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው። ወርቁን መጥረቢያ የሚይዘው ከቪዲያፓቲ ወገን ነው፣ ብሩን የሚይዘው ከቪስቫባሱ ወገን፣ ብረቱን አናጢው።

በቤተ መቅደሱ የዕለት ተዕለት አገልግሎት ብራህሚኖቹ ይቀድማሉ። ከመታጠቢያው በዓል ጀምሮ ግን አማልክቱ በሕዝብ ፊት አይታዩም፣ ከሕዝብ ዓይን የሚሰወሩበትም ጊዜ የዳይታፓቲዎቹ ነው። በሌላው ዓመት 15 ቀን ያህል ሲሆን በናባካሌባራ 45 ቀን ይደርሳል።

የታሪክ_ወዳጅ፦
በ2015 በዚያች ሌሊት ላይ ትልቅ ውዝግብ ተነሥቶ እንደነበረ በጋዜጣ አንብቤ ነበር። ነገሩ እንዴት ነው?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
አዎ። ጁን 15 ሌሊት ማለቅ የነበረበት ማዛወር ተጓትቶ በማግስቱ ቀን ተጠናቀቀ። በሌሊት መሆን ያለበት በቀን መሆኑ ለኦዲሻ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሰው በየሻይ ቤቱ ያዘነው ፖለቲከኞቹ ከሚጮኹት በላይ ነበር። ከአገልጋዮቹ የታገዱም ነበሩ፣ ሰልፍም ተደረገ። በአገልጋዮቹ መካከል ማን ይግባ በሚለው ላይ ጠብ እንደነበረ ያኔ በሰፊው ተዘግቧል። የጓደኛዬ አባት ያን ሰሞን ጋዜጣ ማንበብ አቁመው ነበር።

ነጋዴው_መሐመድ፦
እኔ ለንግድ ኮልካታ እመላለሳለሁ፤ ፑሪ የአንድ ሌሊት ባቡር ነው። ኢንሻአላህ በ2034 ዕድሜ ከሰጠን ብሄድ ምን አያለሁ? ያስገቡኛል?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ቤተ መቅደሱ ውስጥ አያስገቡህም፣ እኔንም አላስገቡኝም። በአንበሳ በር ላይ ሂንዱ ያልሆነ እንደማይገባ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ራሳቸው አልገቡም፤ ባላቸው ፓርሲ (የዞሮአስተር እምነት ወገን) ስለነበሩ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ከነበረው የራግሁናንዳን ቤተ መጻሕፍት ሰገነት ላይ ሆነው ነው ያዩት፣ የውጭ አገር እንግዳም ያኔ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነበር የሚወጣው።

ግን አማልክቱ ራሳቸው ይወጣሉ። በራት ያትራ ቀን ሦስቱም በየሠረገላቸው ሆነው እስከ ጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጎተታሉ። የጃጋናት ሠረገላ 16 ጎማ፣ የባላባድራ 14፣ የሱባድራ 12 አለው፤ ሦስቱም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ከመነሣታቸው በፊት የፑሪው ንጉሥ ወጥቶ የሠረገላውን ወለል በወርቅ እጀታ መጥረጊያ ይጠርጋል። በመንገዱ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ለአንተ ደግሞ ይህን ልንገርህ፦ የጃጋናት ሠረገላ በመንገዱ መሃል አንድ መቃብር ጋ ሲደርስ ይቆማል። የሳላቤጋ መቃብር ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ፣ ከሙስሊም አባት የተወለደ፣ ለጃጋናት ቅኔ የተቀኘ ገጣሚ። እሱም በዘመኑ አልገባም።

በ2015 ጁላይ 18 እኔ ከጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር በትልቁ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። አዲሱን ፊት ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሲያየው የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቀለሙ ገና ያበራል፤ ጥላሸቱ እንደ ርጥብ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ልጅ ሆነ፣ ልጅ ሆነ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ጓደኛዬ ናት የተረጎመችልኝ።

አናጢው_ከአዋሬ፦
እኔስ በ2026 ዓ.ም. ብሄድ ሠረገላውን ሳይሆን ግንዶቹን ነው ማየት የምፈልገው። ከመንደር ወደ ከተማ ሲጎተቱ የውጭ ሰው ያያል?

ሰናይት_ዘቪዛግ፦
ያያል፤ የሚከለክልህ የለም። ከጠቅላላው ሥርዓት ዛፍ ቆረጣውና የግንዱ ጉዞ ናቸው ለማንኛውም ዓይን ክፍት የሆኑት። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ የኦዲሻ ዋና ከተማ ቡባነስዋር ብትሰነብት፣ ዛፉ የተገኘበት መንደር በዜና ይነገራል፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ጋሪው የሚጎተተው ቀስ ብሎ ነው፣ በየመንደሩም ይቆማል፤ ሴቶች ውሃ ያፈሱለታል፣ አበባ ያኖሩበታል። ሙቀቱ ግን ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው፤ ኮፍያና ውሃ ያዝ። ፑሪ ደርሶ በሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ግንዱን አንተም እኔም አናየውም።